የተንሳፋፊውን ዱካ መከተል፦ ስለ ውቅያኖስ ጅረትና ሙቀት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ዕትም ተማሪዎች ድሪፍተር የሚባሉትን ተንሳፋፊ የውቅያኖስ መሣሪያዎች በሳተላይት እየተከታተሉ የውሃውን ጅረትና ሙቀት እንዴት እንደሚያጠኑ በአጭሩ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአገር ውስጥም ከውጭም ጥያቄዎች ደርሰውናል። ብዙ አንባቢ የጠየቃቸውን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከባሕር የራቀ ነው፣ በጀትም የለውም። ተማሪዎቼ ይህን ሥራ ሊሠሩ የሚችሉበት መንገድ አለ? መሣሪያውስ በትክክል ምንድን ነው? (የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ መሣሪያውን መግዛትም ባሕር መውረድም አያስፈልግዎትም። ዓለም አቀፉ የድሪፍተር ፕሮግራም የሚሰበስበው መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ፕሮግራሙን የሚመሩት ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖኣ) ላቦራቶሪና የካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ናቸው። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ 1,250 ተንሳፋፊዎች እንዲኖሩ የወጣው ዕቅድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ግቡን መትቷል። ያረጀው እየወደቀ አዲስ እየተተካ ሥራው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ኖኣ ተንሳፋፊዎቹን ለትምህርት ቤቶች በ«ጉዲፈቻ» የሚሰጥበትን መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ መረጃውን ለመከታተል ግን ጉዲፈቻውም ግዴታ አይደለም።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። ላዩ ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ኳስ ሲሆን ባትሪው፣ ጂፒኤሱና ወደ ሳተላይት መልእክት የሚልከው አንቴና ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። የሙቀት መለኪያው ከኳሱ ሥር፣ ውሃው ውስጥ ይገኛል። ከኳሱ ቀጭን የሽቦ ገመድ ይወርድና በጎንና በጎኑ የተበሳሳ ረጅም የጨርቅ ቱቦ ይሸከማል። ይህ ቱቦ ድሮግ ይባላል፤ መሐሉ የሚውለው 15 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ኳሱ ብቻውን ቢሆን ነፋስና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ይነዱት ነበር። ድሮጉ በዙሪያው ያለውን ውሃ ስለሚይዝ መሣሪያው ከነፋሱ ጋር ሳይሆን 15 ሜትር ላይ ካለው ውሃ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ መረጃውን ሲያወርዱ ከቀን፣ ከሰዓት፣ ከኬክሮስ፣ ከኬንትሮስና ከሙቀት ሌላ አንድ ነገር ፈልገው ያግኙ፤ ድሮጉ አለ ወይስ ተበጥሷል የሚለውን። ድሮጉ እንዳለ 10 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ነፋስ መሣሪያውን ከውሃው የሚያስቀድመው በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ድሮጉ ከተበጠሰ በኋላ ግን ያው ነፋስ ተጨማሪ ከ8 እስከ 9 ሴንቲሜትር ያስሮጠዋል። ብዙ ተንሳፋፊዎች ድሮጋቸውን ካጡ በኋላም ለወራት መረጃ ይልካሉ። ሙቀታቸው ይጠቅማል፤ ለጅረት ግን ከድሮጉ መጥፋት በፊት ያለውን ብቻ ይውሰዱ።

ለክፍል ሥራ ቢያንስ የ60 ቀን መዝገብና ያልተበጠሰ ድሮግ ያለው አንድ መሣሪያ ይምረጡና መለያ ቁጥሩን ይያዙ። በየቀኑ ኢንተርኔት ከሌለ ፋይሉን አንድ ጊዜ በፍላሽ አምጥቶ በየማለዳው አንድ አንድ ነጥብ ካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል። እንዲያውም ይህ ይመረጣል፤ ተማሪዎቹ የነገውን ቦታ እንዲገምቱ፣ በማግሥቱም እንዲያመዛዝኑ ዕድል ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የሳይንስ ክበባችን ፍጥነቱን ሲያሰላ በሰከንድ 6 ሜትር ወጣለት። አንዱ መምህራችን ይህ አይሆንም አሉን። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? (የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው። በክፍት ውቅያኖስ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት በሰከንድ ከ10 እስከ 50 ሴንቲሜትር ነው። የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ተከትሎ የሚፈሰው ሞቃት ጅረት፣ ገልፍ ስትሪም፣ 2 ሜትር ይደርሳል፤ የሶማሊያ ጅረት በክረምት ከ3 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከዚያ በላይ ካያችሁ መጀመሪያ ስሌታችሁን ፈትሹ።

ጥርጣሬያችን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ፋይሎች መረጃውን በየ6 ሰዓቱ ነው የሚሰጡት። ርቀቱን ለ3,600 ሰከንድ ካካፈላችሁ እውነተኛው ፍጥነት በትክክል 6 ጊዜ ይባዛል፤ በሰከንድ 1 ሜትር የነበረው 6 ይሆናል። አካፋዩ 21,600 መሆን አለበት።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። መሣሪያው ትናንት በ10.00 ዲግሪ ሰሜንና በ52.00 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ዛሬ በዚያው ሰዓት በ10.40 ሰሜንና በ52.50 ምሥራቅ ላይ ነው እንበል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ ሰሜን የሄደው 0.40 × 111 = 44.4 ኪሎሜትር ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ስለሚጠብ በኬክሮሱ ኮሳይን ይባዛል፦ 0.50 × 111 × ኮሳይን 10.2 = 54.6 ኪሎሜትር። በፓይታጎረስ ሕግ ጠቅላላው 70.4 ኪሎሜትር ይሆናል። በ86,400 ሰከንድ ስናካፍለው በሰከንድ 0.81 ሜትር፤ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 51 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ኮሳይኑን መርሳት 10 ዲግሪ ላይ ብዙም አይጎዳም፤ 60 ዲግሪ ላይ ግን የምሥራቅ ምዕራቡን ርቀት እጥፍ ያደርገዋል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ፋይሉ የሚጠቀመው የግሪንዊች ሰዓትና የጎርጎርዮስ ቀን ነው። በፋይሉ 00፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 06፡00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 12፡00 ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 18፡00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ግማሹ ቡድን በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ግማሹ በፋይሉ ሰዓት ከመዘገበ ፍጥነቱ ትርጉም ያጣል። መዝገቡን ሁሉ እንደ ፋይሉ ያዙት፤ ወደ እኛ ሰዓት መለወጥ ያለባችሁ የቀንና የሌሊት ሙቀት ስታነጻጽሩ ብቻ ነው። መረጃ በጠፋበት ቦታ ደግሞ አንዳንድ ፋይሎች -999 ወይም 999.999 ይጽፋሉ። አሥር ጊዜ 27 ዲግሪ ተለክቶ አንድ -999 ቢደባለቅበት አማካዩ ከዜሮ በታች 66 ዲግሪ ይመጣል፤ እነዚህን መጀመሪያ አውጧቸው።

ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር እንዳለ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ። በሰዓት 21.6 ኪሎሜትር፣ ማለትም በመርከበኞች መለኪያ 12 ኖት ገደማ፣ የመርከብ ፍጥነት ነው። ዱካው ቀጥ ብሎ ወደ ወደብ ካመራና ሙቀቱ በቀን ከፍ፣ በሌሊት ዝቅ እያለ በብዙ ዲግሪ መዋዠቅ ከጀመረ መሣሪያው ውሃ ውስጥ የለም፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ አንሥቶታል ማለት ነው። ቦታው ሳይለወጥ ሙቀቱ እንዲያ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቱ የሚከታተለው ተንሳፋፊ ከቨርጂኒያ ጠረፍ ወጣ ብሎ ክብ ክብ እየሠራ ነው። «ተበላሽቷል» ይለኛል። ተበላሽቶ ይሆን? (እናት፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እናቴ። ልጅዎ ያየው በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚገኙት ደስ የሚሉ ነገሮች አንዱ ነው። ምን ዓይነት ክብ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር ይለካ፤ የክቡን ስፋትና አንዱን ዙር ለመጨረስ የወሰደውን ጊዜ።

አንድ ጠንካራ ነፋስ ውሃውን ገፍቶ ሲያቆም ውሃው በግፊቱ መሄዱን ይቀጥላል፤ የምድር መሽከርከር ግን በሰሜን ንፍቀ ክበብ ያለማቋረጥ ወደ ቀኝ ያጥፈዋል። ስለዚህ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ክብ ይሠራል። የአንዱ ዙር ጊዜ 12 ሰዓት ለኬክሮሱ ሳይን ተካፍሎ ይገኛል፤ 30 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት፣ እናንተ ባላችሁበት 37 ዲግሪ ላይ 20 ሰዓት ገደማ ነው። ውሃው በሰከንድ 30 ሴንቲሜትር የሚሄድ ከሆነ የክቡ ስፋት 7 ኪሎሜትር ያህል ይመጣል። ክቡ ይህን የሚመስል ከሆነ ምክንያቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ያለፈ ነፋስ ነው፤ የአየር ሁኔታውን መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ ይመልከት።

ክቡ 100 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነና ለመዞር ብዙ ቀን ከፈጀ ግን መሣሪያው ከገልፍ ስትሪም ተቆርጦ የወጣ አዙሪት ውስጥ ገብቷል። ከጅረቱ በስተሰሜን የሚገኙት አዙሪቶች ሞቃት እምብርት አላቸው፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራሉ። በስተደቡብ ያሉት እምብርታቸው ቀዝቃዛ ሲሆን ዙራቸውም ተቃራኒ ነው። አንዳንዱ አዙሪት ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል።

አንድ ምክር ብቻ እንጨምር። ልጅዎ የሚጠቀመው የ6 ሰዓት ፋይል ከሆነ የ20 ሰዓቱ ዙር ላይ የሚያርፉት ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ክቡ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። በየሰዓቱ የተመዘገበውን ፋይል ያውርድ።

ጥያቄ፦ በዓረብ ባሕር ላይ ያለ ተንሳፋፊ የለካው ሙቀት ከሳተላይቱ ምስል ከአንድ ዲግሪ በላይ ይለያል። የትኛውን ልመን? (አንባቢ፣ ዱባይ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለኩት ውሃ አንድ አይደለምና። ኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር የሚያነብ) ሳተላይት የሚያየው ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰውን የውሃውን የላይኛ ቆዳ ነው። ተንሳፋፊው የሚለካው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከኳሱ ሥር ያለውን ነው። ፀሐይ በርትታ ነፋስ ሲጠፋ የላይኛው ስስ ንብርብር ከሥሩ ካለው ይበልጥ ይሞቃል፤ ልዩነቱ አንዳንዴ ከአንድ ዲግሪ ያልፋል። ነፋስ ሲመጣ ይደባለቅና ይጠፋል። በእናንተ አካባቢ አቧራም አለ፤ በአየር ላይ ያለ አቧራ የሳተላይቱን ንባብ ወደ ቅዝቃዜ ያጋድለዋል። ስለዚህ ማነጻጸር የሚሻለው ጎህ ከመቅደዱ በፊት የተወሰዱትን ንባቦች ነው። ያኔም ልዩነቱ ካልጠበበ አቧራና ደመና መኖሩን ያጣሩ። ለነገሩ የሳተላይቶቹ የባሕር ሙቀት ንባብ ራሱ የሚስተካከለውና የሚፈተሸው ከእነዚህ ተንሳፋፊዎች ጋር እየተነጻጸረ ነው።

ጥያቄ፦ ለእኛ የሚቀርበው የሶማሊያ ጠረፍ ነው። እዚያ ያሉ ተንሳፋፊዎችን ብንከታተል ስለ ዝናባችን የሚነግሩን ነገር አለ? (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ጅግጅጋ)

መልስ፦ ቦታውን በደንብ መርጠሃል። የሶማሊያ ጅረት በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ታላቅ ጅረት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሞንሱን የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ወቅታዊ ነፋስ ጠረፉን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነዳዋል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለሳል። በክረምት ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከጠረፉ ወደ ውጭ ስለሚገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ በራስ ሐፉን አካባቢ ከ20 ዲግሪ በታች የሚለካበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ባሕር ላይ ነው። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ባለው ስፍራ ደግሞ በየክረምቱ በመቶዎች ኪሎሜትር የሚሰፋ ግዙፍ አዙሪት ይፈጠራል፤ እዚያ የገባ ተንሳፋፊ ሲዞር ታየዋለህ።

አሁን በአካባቢው ሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ላይገኝ ይችላል። ጠረፉ ላይ የሚወጣው ውሃ ተንሳፋፊዎቹን ወደ ውጭ ይበትናቸዋል፤ የባሕር ላይ ውንብድና በበረታባቸው ዓመታት ደግሞ መርከቦች አካባቢውን ስለሸሹት መሣሪያ የሚጥል ጠፍቶ ነበር። ከመዝገቡ ውስጥ የቆዩትን ፈልግ፤ መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ። አንድ የሐምሌና አንድ የጥር ዱካ በአንድ ካርታ ላይ ስታሰፍር ልዩነቱን በዓይንህ ታያለህ።

ስለ ዝናቡ፦ የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት በአገራችን ዝናብ ላይ፣ በተለይ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ በሚዘንበው ዝናብ ላይ፣ ግልጽ ተጽዕኖ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ፣ ምሥራቁም ሲቀዘቅዝ፣ ምሥራቅ አፍሪካ በከባድ ዝናብና ጎርፍ ተመታ። ግን ያ የታየው በብዙ መሣሪያዎችና ሳተላይቶች ድምር ነው። ከአንድ ተንሳፋፊ ተነሥቶ የዝናብ ትንበያ መስጠት አይቻልም፤ ሪፖርትህ ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አታስገባ።

ጥያቄ፦ ጣና አጠገብ ነው ያለነው። ተማሪዎች የራሳቸውን ተንሳፋፊ ሠርተው ሐይቁ ላይ ሊለቁ ይችላሉ? እምቦጩ ወዴት እንደሚሄድስ ያሳየናል? (የፊዚክስ መምህርት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርት፣ ይቻላል፤ ከሁሉም ጥያቄ በላይ ያስደሰተን ይህ ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ የውቅያኖሱ ዓይነት ድሮግ አይሆንም። ለጠረፍ የሚሠራውን፣ አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አራት የጨርቅ ክንፍ የሚዘረጋውን ዓይነት ይሥሩ።

1.2 ሜትር የሚረዝም አንድ የቀርከሃ ምሰሶ ያቁሙ። 1 ሜትር የሆኑ አራት ቀርከሃዎችን ይውሰዱና ሁለቱን ከምሰሶው የላይኛ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱን ከእነሱ 80 ሴንቲሜትር ወረድ ብሎ፣ መስቀል አድርገው በሲባጎ አጥብቀው ይሰሩ። በላይኛውና በታችኛው መስቀል መካከል አቡጀዲ ወጥረው ይስፉ፤ ከላይ ሲታይ አራት ክንፍ ይወጣዋል። በላይኛው መስቀል አራት ጫፎች ላይ በ20 ሴንቲሜትር ገመድ አንዳንድ የግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ ክዳኑ በደንብ ተጠብቆ፣ ይታሰር። ከምሰሶው ሥር ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ አሸዋ ሞልተው ይሰሩ። አሸዋው ላይ ውሃ እስኪጠግብ ያፍስሱበት። ደረቅ አሸዋ ከሆነ ሐይቁ ውስጥ ቀስ በቀስ ውሃ ሲገባበት ክብደቱ ይጨምርና ተንሳፋፊውን በመንገድ ላይ ያሰጥመዋል። ውሃ የጠገበ 1 ሊትር አሸዋ 2 ኪሎ ያህል ቢመዝንም ውሃ ውስጥ የሚስበው 1 ኪሎ ብቻ ነው። ቀርከሃው ራሱ ስለሚንሳፈፍ ሁለት ጠርሙስ አሸዋ ሊያስፈልግ ይችላል። ዳር ላይ ይሞክሩት፤ አራቱ ሃይላንዶች ግማሽ ድረስ ሲሰጥሙና ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲሆን ልኩ ነው። ቀርከሃው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሙከራው ከአንድ ሌሊት ንክር በኋላ ይደገም።

ለመከታተያ አሮጌ ስማርት ስልክ ይበቃል። አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከስፖንጅ ጋር ያስገቡትና ከምሰሶው ጫፍ ላይ፣ ከውሃው በላይ ይሰሩት፤ የጂፒኤስ ሲግናል ውሃ አያልፍም። ስልኩን ከማስገባትዎ በፊት ዕቃውን ሶፍት ጨምረው አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይድፈቁት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ክዳኑን ይለውጡ። ፀሐይ ስልኩን አሙቃ ስለምታጠፋው ዕቃውን በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑ። ቴሌግራም ላይ ቀጥታ አድራሻ ለ8 ሰዓት ማጋራት ይቻላል፤ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ግን ያለ ኔትወርክ ዱካ የሚመዘግብ መተግበሪያም አብሮ ይክፈቱ። መለያ ባንዲራ ካደረጉ ከመዳፍ አይብለጥ፤ ትልቅ ባንዲራ ሸራ ይሆናል።

የሐይቅ ጅረት ቀርፋፋ ነው። በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ቢሄድ በደቂቃ 3 ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ የስልክ ጂፒኤስ ስሕተት ግን ከ5 እስከ 10 ሜትር ነው። በየደቂቃው ፍጥነት ካሰሉ የሚያገኙት የጂፒኤሱን ስሕተት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ 90 ሜትር ስለሚሄድ ፍጥነቱን በየግማሽ ሰዓቱ ያስሉ።

እምቦጩን በተመለከተ፣ ይህ መሣሪያ ብቻውን መልስ አይሰጥም። የእምቦጭ ቅጠል ከውሃው በላይ ስለሚቆም ነፋሱ ራሱ ይገፋዋል፤ የእርስዎ መሣሪያ ደግሞ ሆን ተብሎ ከነፋስ እንዲያመልጥ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አብረው ይልቀቁ፦ ባለ ክንፉንና ግማሽ ውሃ የተሞላ፣ ስልክ ያለበት ዕቃ የተጫነበት ተራ ጀሪካን። በአንድ ቦታና ሰዓት ተለቅቀው የሚራራቁበት ርቀት ነፋሱ ላይ ላዩን ምን ያህል እንደሚገፋ ይነግርዎታል። የነፋሱንም አቅጣጫ በየሰዓቱ ይመዝግቡ። እምቦጩን ራሱን ለሙከራ ወደ ንጹሕ ውሃ ወስዶ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

መልቀቂያው ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ሞተር ጀልባ ከነባለቤቱ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሕይወት ጃኬት፣ ለአካባቢው ዓሣ አጥማጆች አስቀድሞ የተነገረ ቃል ያስፈልጋል፤ መረባቸው ውስጥ ከገባ ሥራቸውም መሣሪያዎም ይበላሻል። ዓባይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ይራቁ፤ ውሃውም ይወስደዋል፣ ጉማሬም አለ። ከ2 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ላይ ጠርሙሱ ጭቃ ስለሚነካ እዚያ የተመዘገበውን ከስሌቱ ያውጡ። የለቀቁትን ሁሉ ማታ ቆጥረው ያንሡ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀ እንዲህ ያለ ኳስ ብናገኝ ምን እናድርግ? (አንባቢ፣ ጅዳ)

መልስ፦ አይክፈቱት። የታሸገ ባትሪ ጋዝ አመንጭቶ ውስጡ ግፊት ሊኖር ይችላል። ኳሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ ያንሡ፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ፣ ላዩ ላይ አድራሻ ካለ ያሳውቁ። ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያዩት ከሆነ ግን አይንኩት፤ ሥራ ላይ ነው።